የመንገደኛ ቆጠራ ለምን ይጠቅማል?



በየዓመቱ አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ መልካም ጠባይና ስለ አገር ፍቅር ነው። እኔ ግን ዛሬ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ከዚህ ሁሉ ዝቅ ያለ የሚመስል ጉዳይ ነው። ይኸውም ሰው በየዕለቱ ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሥራው፥ ወደ ገበያውና ወደ ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሚሄድ ጠይቆ፥ መዝግቦና ደምሮ ስለ ማወቅ ነው። «ይህ ደግሞ ምን ጽሑፍ ያስፈልገዋል? ሰው ወይ በእግሩ ወይ በመኪና ይሄዳል፤ አለቀ» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ራሴ እስካለፈው ዓመት ድረስ እንዲሁ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ በገዛ እጄ የጻፍሁት አንድ መዝገብ ነው።

ባለፈው ዓመት የክፍላችን አለቃ ነበርሁ። ከጧቱ 2 ሰዓት ሲሆን የግቢው በር ይዘጋል። እኔም ከዘበኛው አጠገብ ቆሜ ከደወል በኋላ የሚመጡትን የክፍሌን ልጆች ስም መጻፍ ሥራዬ ነበር። መዝገቡ ሦስት ዓምድ ነበረው፤ ቀን፥ ስም፥ ያረፈደበት ደቂቃ። ስሙ የተደጋገመበት ልጅ ግቢ ይጠርጋል፤ ሲብስም ወላጅ እንዲያመጣ ይታዘዛል። እውነቱን ልናገርና በዚህ ሥራ እኮራ ነበር። መሥመሩን በማስመሪያ አሰምራለሁ፤ ስሙንም በጥሩ ጽሕፈት እጽፋለሁ። አንዱ «ወንዙ ሞልቶ ነው»፥ ሌላው «እናቴ ታማ ነው» ሲለኝ «ለዩኒት መሪው ንገር» እለው ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ለምክንያት የሚሆን ቦታ አልነበረምና።

ከእኔ በስተኋላ በሦስተኛው ወንበር ትቀመጥ የነበረች አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁና። በሒሳብ ትምህርት ከክፍላችን ቀዳሚዎቹ አንዷ ነበረች፤ በማርፈድም እንዲሁ። ግቢ ጠረገች። ወላጅ አምጪ ተባለች፤ እናቷ ግን ሳይመጡ ቀሩ። በታኅሣሥ ወር እሷም ቀረች። ስም በሚጠራበት ጊዜ ጥቂት ቀን «ቀሪ» ተባለ፤ ከዚያም ስሟ መጠራቱ ራሱ ቀረ። እኔም «ሰነፍ ነበረችና ተወችው» ብዬ ነገሩን ረሳሁት።

በየካቲት መጀመሪያ፥ ለመንፈቀ ዓመት ዕረፍት በተለቀቅንበት ሳምንት፥ በሰኞ ቀን እናቴ ልካኝ ደሴ ወጣሁ። ሰኞ ገበያ ስደርስ ያቺ ልጅ ከእናቷ ጋር ጎመንና ሽንኩርት ዘርግታ ተቀምጣ አገኘኋት። አፍሬ ላልፍ ነበር፤ እሷ ግን ቀድማ ጠራችኝ። እናቷን እጅ ነሥቼ ሰላም አልኋቸው። ልጅቱም «አንተ ልጅ፥ ስሜን እኮ አሳምረህ ነበር የምትጽፈው!» ብላ ሳቀች። ሳቋ የቂም አልነበረም፤ እኔን ያቃጠለኝም ይኸው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እኔ የወጋሁ መሆኔን እንኳ አላውቅም ነበር።

ነገሩን ያስረዱኝ እናቷ ናቸው። «ምን ላድርግ ልጄ? ሰኞ ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ካልወጣሁ መቀመጫ አላገኝም። ሕፃናቱን የምታበላ እሷ፥ ትንሹን ለጎረቤት የምታስረክብ እሷ። ቤታችን ከቦረቦሩ ማዶ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ዙሪያውን ነው የምትሄደው። ወላጅ ጥሩ ያሉኝም ሰኞ ቀን ነው። ገበያዬን ትቼ ብመጣ ልጆቹ ምን ይበላሉ?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ትምህርት ሲከፈት ዩኒት መሪውን አስፈቅጄ ያንን መዝገብ እንደ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ተመለከትሁት። በልጅቱ ስም አንጻር ያለውን ቀን ለብቻ አውጥቼ ጻፍሁ። ሰኞ፥ ሰኞ፥ ሰኞ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ረቡዕ፥ ከዚያም እንደ ገና ሰኞ። ቀኑን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ግን አንድም ቀን አላነበብሁትም። ቀጥዬም በአንድ ቀን አብረው ያረፈዱትን ስሞች ባስተያያቸው፥ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ በአንድ ላይ ሆነው ተገኙ። ይህን ግን ከመዝገቡ አላገኘሁትም፤ ልጆቹን ስለማውቃቸው ነው። መዝገቡ የመጡበትን ሰፈር አይናገርም። እንግዲህ መልሱ ግማሹ በእጃችን ሳለ አላነበብነውም፤ ግማሹንም አልጠየቅንም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሒሳብ መምህራችን ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። እሳቸውም የሰውን የዕለት ጉዞ መመርመር ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑን፥ በታላላቅ ከተሞችም መንገድና አውቶቡስ የሚታቀደው በዚሁ እንደ ሆነ ገለጡልኝ። ከሳቸው የሰማሁትንና ከዚያም ወዲህ ያነበብሁትን በአጭሩ ላስረዳ።

የመንገደኛን ነገር ለማወቅ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በአውራ ጎዳና ዳር ቆሞ የሚያልፈውን መኪና መቁጠር ነው። ይህ ቀላል ነው፤ የመንገዱን ሥራ ብዛት ያሳያል። ነገር ግን መኪናው ከየት እንደ ተነሣ፥ በውስጡ ያለው ሰው ለምን እንደሚሄድ አይናገርም። ሁለተኛው በመናኸሪያ ወይም በታክሲ ተራ ላይ ተሳፋሪውን መጠየቅ ነው። ይህ ከፊተኛው ይሻላል፤ ሆኖም የሚጠየቀው የመሳፈሪያ ዋጋ ያለው ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛው ቤት ለቤት ሄዶ፥ በቤቱ ያለውን ሰው ሁሉ፥ ትላንት ከነቃበት እስከ ተኛበት ሰዓት የት የት እንደ ሄደ፥ በምን እንደ ሄደ፥ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀበት መጠየቅ ነው። አድካሚ ነው፤ ግን እግረኛውን የሚያገኘው ይህ ብቻ ነው።

በገራዶ ያለውን እንመልከት። አንድ ሰው ማልዶ በዋናው መንገድ ዳር ቢቆም ወደ ደሴ የሚወጣውን ሚኒባስ፥ ባጃጅና አይሱዙ ሊቆጥር ይችላል። በአቋራጩ ሽቅብ የምትወጣውን ባለ ሸክም ሴት ግን አያያትም። ገና ጎህ ሳይቀድ አልፋለችና፥ የሄደችበትም ጎዳና አይደለምና። እንዲህ ያለው ቆጣሪ በመጨረሻ «የገራዶ ሕዝብ የሚሄደው በመኪና ነው» ብሎ ቢጽፍ ሐሰት ጻፈ አይባልም፤ ያየውን ነው የጻፈው። ስሕተቱ የቆመበት ቦታ ላይ ነው።

የጠያቂው አነጋገር ደግሞ ሌላ ብልሃት ይፈልጋል። ይህን የተማርሁት ከገዛ ቤቴ ነው። አንድ ማታ ደብተሬን ይዤ እናቴን «ትላንት የት የት ሄድሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «የት እሄዳለሁ? ከቤቴ ነው የዋልሁት» አለችኝ። እኔም «ባዶ» ብዬ ልጽፍ ስል ቡና ታፈላ የነበረችው አክስቴ «ውሃውን ማን ቀዳው? ወፍጮ ቤትስ ማን ሄደ?» አለች። እናቴም አሰብ አድርጋ፥ «እሱማ ሁለት ጊዜ ወደ ቦኖ ወርጃለሁ፤ ወፍጮ ቤት ተራ ጠብቄአለሁ፤ ለቅሶም ደርሼ መጥቻለሁ። ይህ መሄድ ይባላል እንዴ?» አለች። እነሆ፥ ቀኑን ሙሉ በእግሯ የዋለች ሴት በእኔ ደብተር ላይ ከቤት ያልወጣች ሆና ልትመዘገብ ነበር። ስለዚህ «አብዛኛውን ጊዜ እንዴት ትሄዳለህ?» ከማለት ይልቅ «ትላንት ከነቃህ በኋላ መጀመሪያ የት ሄድህ? ከዚያስ?» እያሉ በቅደም ተከተል መጠየቅ ይሻላል። ሰው ልማዱን ሲናገር ያሳጥረዋል፤ የትላንቱን ቀን ሲናገር ግን እግሩን ያስታውሳል።

እንዲህ ያለው ስሕተት የደረሰው በእኛ ቤት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የመንገድ መሐንዲሶች ቤት ለቤት እየሄዱ የሰውን ጉዞ መጠየቅ የጀመሩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1944 ነው። በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ዋናው አሳብ ለመኪና የሚሆን ጎዳና ማቀድ ስለ ነበረ፥ የእግር ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ሳይመዘገብ ይታለፍ ነበር። በእንግሊዝ አገር ብሔራዊ የጉዞ ጥናት በ1965 ተጀምሮ ከ1988 ወዲህ ሳይቋረጥ ይካሄዳል። ተጠያቂዎቹ የሰባት ቀን ጉዟቸውን በደብተር ይጽፋሉ። ከአንድ ማይል በታች የሆነውን አጭር የእግር ጉዞ ግን እንዲጽፉ የሚጠየቁት ከሰባቱ ቀን በአንዱ ብቻ ነው፤ እየደጋገሙ መጻፉ ሰውን ያሰለቻልና። እንግዲህ በሠለጠነው አገር እንኳ እግረኛን መመዝገብ አስቸጋሪ ከሆነ፥ እኛማ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባናል!

ለእኛ ኑሮ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በታንዛንያ የተደረገው ነው። በ1980ዎቹ ማኬቴ በሚባለው ተራራማ ወረዳ በዓለም የሥራ ድርጅት ረዳትነት በተካሄደው ጥናት ቤተ ሰቦች ስለ ጉዟቸው ሁሉ ተጠየቁ። የተገኘውም መልስ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነበር። ለጉዞ ከሚጠፋው ጊዜ የሚበዛው ወደ ሩቅ ከተማ የሚደረገው አልነበረም፤ በመንደሩ ውስጥና በዙሪያው በእግር የሚደረገው፥ ማለት ውሃ ለመቅዳት፥ ማገዶ ለመልቀም፥ ወደ እርሻና ወደ ወፍጮ ለመሄድ የሚውለው ነበር። ከዚህም ሸክም የሚበዛውን የሚሸከሙት ሴቶች ነበሩ። ስለዚህ ጎዳና መሥራት ብቻ ሳይሆን የእግር መንገዱን ማበጀት፥ ውሃውንና ወፍጮውን ማቅረብም የጉዞን ችግር ማቃለል እንደ ሆነ ታወቀ። ይህ ሳይጠየቅ በግምት ሊደረስበት አይቻልም ነበር።

በአገራችንም ጅምሩ አለ። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው፥ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ሰዎች ሃያ አራቱን ሰዓት በምን በምን እንዳሳለፉ ተጠይቀዋል። በአዲስ አበባ የተደረጉ ጥናቶችም በከተማይቱ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር እንደ ሆነ አሳይተዋል። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን አገር አቀፍ ስትራቴጂ ያወጣው እንዲህ ያለውን እውነት መሠረት አድርጎ ነው። እግረኛው ከግማሽ በላይ መሆኑ በቁጥር ባይታወቅ ኖሮ፥ «የመንገድ ባለቤት መኪና ነው» የሚለው አሳብ ጸንቶ በቀረ ነበር።

የሕዝብ ቆጠራስ አይበቃም ወይ? የሚል ይኖራል። የመጨረሻው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ቆጠራ በየጊዜው ሲተላለፍ ቆይቷል። በ1999ኙ ቆጠራ የደሴ ሕዝብ 151,174 ሲሆን ከዚህ ውስጥ የከተማ ነዋሪ የተባለው 120,095 ነበር። ይህ ቁጥር ትልቅ ጥቅም አለው። ይሁን እንጂ ቆጠራ የሚያሳየን ሰው የሚያድርበትን እንጂ የሚውልበትን አይደለም። ገራዶ አድሮ ደሴ የሚውል፥ ደሴ አድሮ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚውል ስንት ነው? በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ብዙ ሰው በየቀኑ የሚመላለስበት ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ይህን ለማወቅ የጉዞ ጥናት እንጂ የመኖሪያ ቆጠራ አይበቃም።

አሁን ደግሞ ተቃዋሚ የሚሆኑትን አሳቦች ልመልከት። አንደኛ፥ «ሰው ስለ ውሎው ሲጠየቅ ይጠረጥራል፤ ለግብር ነው ወይስ ለስለላ? ይላል» ይባላል። እውነት ነው። አንድ የጎረቤታችን ሽማግሌ ደብተሬን አይተው «ልጄ፥ ከብትና ሰው ሲቆጠር ደግ አይደለም» ብለውኛል። መልሱ ስም አለመጻፍ፥ ምክንያቱን አስቀድሞ ማስረዳትና የተገኘውን ውጤት መልሶ ለጠየቁት ሰዎች መንገር ነው። ጠይቆ የሚጠፋ ሰው ነው የሚያስጠረጥር። ሁለተኛ፥ «ወረቀት ድልድይ አይሆንም፤ በዚሁ ገንዘብ መንገድ ቢጠገን ይሻላል» ይባላል። ይህም ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ድልድዩ ከየትኛው ቦረቦር ላይ ይሁን? የባጃጅ ማቆሚያው የት ይሁን? የጧቱ ታክሲ በስንት ሰዓት ይነሣ? ይህን ሳይጠይቁ የሚሠሩት ሥራ ለቅርቡ ሰው ቅርብ፥ ለሩቁ ሰው ሩቅ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው አሳብ የማንን ቃል እንሰበስባለን የሚለው ነው። ሁሉን ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። የወጥ ጨው ለመቅመስ ድስቱን ሙሉ መብላት አያሻም፤ አንድ ጭልፋ ይበቃል። ግን ወጡ ካልተማሰለ ከላይ የተቀዳው ጭልፋ ከታች ያለውን አይናገርም። እኛም ዛሬ በክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ብቻ «እንዴት ትመጣላችሁ?» ብለን ብንጠይቅ፥ ሁሉም መምጣት የቻሉ ስለ ሆኑ፥ መንገዱ ያን ያህል ክፉ አይደለም የሚል መልስ እናገኛለን። መንገዱ ያስቀራቸው በክፍል ውስጥ የሉማ! ያቺ ልጅ በእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ውስጥ በጭራሽ አትገኝም። ስለዚህ የመጡትን ስንጠይቅ የቀሩትንም ቤታቸው ድረስ ሄደን መጠየቅ አለብን።

እንግዲህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በየዓመቱ በመስከረም፥ በምዝገባ ጊዜ፥ እያንዳንዱ ተማሪ ስሙ የማይጻፍበት አንድ ወረቀት ይሙላ። ጥያቄው አምስት ብቻ ይሁን። ከየትኛው ሰፈር ትነሣለህ? በስንት ሰዓት ተነሥተህ በስንት ሰዓት ትደርሳለህ? በምን ትመጣለህ? ከመነሣትህ በፊት በቤት ምን ሥራ ትሠራለህ? በየትኛው ቀን ወይም በየትኛው ወራት መምጣት ይከብድሃል፥ ስለ ምን? ወረቀቱን የሒሳብ ክበብ አባሎች ይደምሩ፤ ውጤቱም በዚሁ መጽሔት ይታተም፤ ለቀበሌውና ለከተማው አስተዳደርም ይሰጥ። ትምህርት ካቋረጡት ዘንድ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነን ከአንድ መምህር ጋር እንሂድ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፥ ሥራው ለሁላችን ሲከፋፈል ከአንድ ከሰዓት በኋላ የሚበልጥ አይሆንም። ዓመት ከዓመት ሲነጻጸር ግን መንገዳችን መሻሻሉን ወይም መክፋቱን ይነግረናል።

የተከበራችሁ መምህራን፥ የአርፋጅ መዝገብ ይቅር ማለቴ አይደለም። ሰነፍ አርፋጅም አለ፤ እኔም አንዳንድ ጊዜ ከእነርሱ አንዱ ነኝ። የምለምነው፥ ከቅጣቱ በፊት ጥያቄው ይቅደም ነው። የተከበራችሁ ወላጆች፥ ልጆቻችሁ ደብተር ይዘው «ትላንት የት ዋልሽ? የት ዋልህ?» ቢሏችሁ «የትም» ብላችሁ አታሳጥሩት፤ ቦኖውንም፥ ወፍጮውንም፥ ለቅሶውንም ቁጠሩላቸው። የክፍል ጓደኞቼም፥ ያረፈደ ጓደኛ ስታዩ ከመሳቃችሁ በፊት የመጣበትን መንገድ ጠይቁት።

እኔ የክፍል አለቃነቱን በዚህ ዓመት ለሌላ ልጅ አስረክቤአለሁ። መዝገቡን ከመስጠቴ በፊት በማስመሪያ አንድ ዓምድ ጨምሬበታለሁ፤ ከላዩም «ከየት? በምን? ስለ ምን?» ብዬ ጽፌበታለሁ። ዓምዱ ጠባብ ነው፤ አንዳንድ ምክንያት አይበቃውም። ያቺ ልጅ እስካሁን አልተመለሰችም፤ እናቷ ግን ለሰኞ ቀን ሕፃናቱን የሚይዝ ሰው ከተገኘ በሚመጣው መስከረም እንደሚልኳት ነግረውኛል። ይህን አሳብ ያነበባችሁ ሁሉ እስከዚያ ድረስ እንድትመክሩበት በትሕትና እለምናለሁ።